መልስ፦ ዋንጋሪ ማታይ የተማረችበት የሴቶች ትምህርት ቤት

እህቴ፣ «ዋንጋሪ ማታይን ያስተማሯት መነኮሳት ናቸው የሚባለው እውነት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ እውነት ነው፤ ዋንጋሪ ዛፍ በማስተከል የታወቀችው ኬንያዊት ናት። ትምህርት ቤቱ ሎሬቶ ሊሙሩ ይባላል፤ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ሻይ የሚበቅልበት ደጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የከፈቱት የሎሬቶ ካቶሊክ ሲስተሮች ናቸው። የማኅበሩ ሥር ግን ራቅ ይላል። በ1609 ሜሪ ዋርድ የምትባል እንግሊዛዊት ሴት ልጆችን ለማስተማር ጀመረችው፤ ያኔ መነኩሲት ከገዳም ወጥታ ታስተምር ማለት የማይታሰብ ስለነበር ፖፑ በ1631 ማኅበሯን አፈረሱባት፤ እንደገና የቆመው ከጊዜ በኋላ ነው። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩላት።

ዋንጋሪ ሊሙሩ የገባችው በ1956 ነው። በኬንያ ለአፍሪካውያን ሴቶች የነበረው የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ያኔ እሱ ብቻ ነበር። አንዲት የሳይንስ አስተማሪ ሲስተር ላብራቶሪ ትወስዳትና ብልቃጥ ታሳጥባት ነበር፣ እያጠቡም ያወራሉ። የሳይንስ ፍቅሯ እዚያ በረታ። በ1959 ጨረሰች፤ በ1960 አሜሪካ ሄዳ ባዮሎጂ ተማረች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች።

እኔ እዚህ ደሴ ለክበባችን ልጆች የምነግራቸው ከኖቤሉ ይልቅ የብልቃጡን ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ጦሳ ተራራ ሥር ችግኝ ስንተክል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የችግኙን ፕላስቲክ በጥርሷ እየቀደደች «እሷም እንዲህ ጭቃ በጭቃ ሆና ነበር?» አለችኝ። እንዴታ፣ አልኳት። የአረንጓዴ ቀበቶ የዛፍ ተከላ ንቅናቄዋን በ1977 ናይሮቢ ላይ የጀመረችው በሰባት ችግኝ ነው።