ሮጦ ቀኑን ሙሉ መድከም፦ ለአዲሷ ሯጭ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከአዳማ አዲስ አበባ ከመጣሽ ብዙም አልቆየሽም፤ ሩጫም ገና መጀመርሽ ነው። በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ትሮጫለሽ፣ ከምሳ በኋላ ግን ቢሮ ውስጥ እንቅልፍ ይጥልሻል። «ሩጫ ጉልበት ይሰጣል ሲሉኝ እኔን ለምን ያዝለኛል? ልተወው?» ነው ያልሽው። አትተዪው። በያዝሽው አኳኋን ግን አትቀጥዪ።

መጀመሪያ ፍጥነትሽን እይው። እየሮጥሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጪ መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። እኔን የጠቀመችኝ አብራኝ ጃንሜዳ የምትሮጥ ጓደኛዬ ናት፤ ወሬ አታቆምም። መልስ መስጠት ሲያቅተኝ ቀስ እንላለን። ከእጅ ሰዓትም ከስልክ አፕም የተሻለች መለኪያ ሆናልኛለች። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከአዳማ በ600 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ሰውነትሽ የሳሳውን አየር እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል። እዚያ የሚቀልሽ ፍጥነት እዚህ ቢያስለከልክሽ ስንፍና አይደለም።

ቀስ ማለት የሚያሳፍርሽ ከሆነ አንድ ቀን በጠዋት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ውጪ። በዓለም መድረክ የምናውቃቸው ሯጮች ቀላል ልምምድ ባላቸው ቀን ተሰልፈው ዱብ ዱብ ሲሉ ታያለሽ። «እኔም እደርስባቸዋለሁ» ያሰኛል። (አትሞክሪው፤ ዳገቱ ላይ ጉድ ትሆኛለሽ።) አንድ ደቂቃ ሮጠሽ ሁለት ደቂቃ በእግርሽ ሂጂ። እንዲህ እያፈራረቅሽ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃሻል። በየቀኑ መሮጡም ይቅር፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመሃሉ እረፍት እያደረግሽ።

እውነቱን ለመናገር ከፍጥነቱ በላይ የደነገጥኩት እንቅልፍሽን ሳነብ ነው። እኩለ ሌሊት ተኝተሽ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተሽ ትሮጫለሽ? ይሄ አራት ሰዓት ተኩል ነው! ጡንቻ የሚጠገነው በእረፍት ነው። እንቅልፍሽን ሳትጠግቢ የነጋ ቀን ሩጫውን ዝለዪውና ተኚ። ወይም ከሥራ መልስ አድርጊው።

ቀጥሎ ምግብ። ሮጠሽ ስትመለሺ ሻይ በቁራሽ ዳቦ፣ ከዚያ እስከ 7 ሰዓት ምንም የለም። የነበረሽን ስንቅ አቃጥለሽ ሳትተኪው ውለሽ እንዴት አይደክምሽም? ሮጠሽ በተመለስሽ አንድ ሰዓት ውስጥ በደንብ ብዪ፦ እንቁላል በዳቦ፣ ገንፎ፣ የጾም ከሆነ ሽሮ ወይም ኦቾሎኒና ሙዝ። እኔ ቢሮ በሶ ይዤ ነው የምሄደው፤ በማር በጥብጦ መጠጣት ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ የጠዋቱን ሩጫ ተዪው። በልተሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ቀለል አድርገሽ ሩጪ። ውሃም አትርሺ።

የጻፍሽልኝ የጭንና የባት ሕመም አያስጨንቅሽ። ብዙ ጊዜ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ይብስና በራሱ ይተዋል።

ይህን ሁሉ አስተካክለሽ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተሽም ድካሙ ካልለቀቀሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂና ደምሽን ተመርመሪ። ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል) ብቻ ሳይሆን ፌሪቲን የሚባለውንም ጠይቂ፤ የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየው እሱ ነው። የወር አበባ ለሚበዛባት ሴት የብረት እጥረት የተለመደ ነው። ቡናና ሻይም ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ቡናሽን ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው። ስትሮጪ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ ወይም ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ሳምንት አትጠብቂ፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ለታላቁ ሩጫ ተመዝግቤያለሁ ያልሽው እንዳያስቸኩልሽ። 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስንቱ እየጨፈረ፣ ውሃ እየተረጨና በእግሩ እየሄደ ነው የሚጨርሰው። ከፊት የሚሮጡትን ለቀቅ አድርጊያቸውና ከኋላ ከእኛ ጋር ነይ።