ዩሪያ ማቆም ብቻውን ኦርጋኒክ አያሰኝም፦ የአትክልት አልሚ ቤተሰቦች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ለዓምዱ ከደረሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ በቤተሰብ አትክልት ከሚያለሙ አንባቢዎች የመጡ በመሆናቸው፣ አምስቱን መርጬ እዚህ በአንድነት መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሆለታ አካባቢ በግማሽ ሄክታር መሬት ላይ ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ እናለማለን። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ዩሪያም ሆነ የተባይ መድኃኒት አልተጠቀምንም። ለአዲስ አበባ ደንበኞቻችን ምርታችን ኦርጋኒክ ነው ማለት እንችላለን?

መልስ፦ ገና ነው። ቃሉ በገበያ ላይ ለማሞገሻ ቢውልም፣ ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን በአዋጅ ቁጥር 488 ስለ ደነገገች እንደ ልብ የሚለጠፍ ስም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንደ ጎመን ላሉ ዓመታዊ ሰብሎች ከመዘራታቸው በፊት የሁለት ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠይቃል፤ የአሜሪካው ደግሞ የተከለከለ ነገር መሬቱን ለመጨረሻ ጊዜ ከነካ በኋላ 36 ወር እስኪሞላ ምርቱ በዚህ ስም እንዲሸጥ አይፈቅድም። ምርታችሁ ከአዲስ አበባ ባያልፍም፣ አፈር ከቆየበት ነገር ለመላቀቅ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከእነዚህ ልኮች መገመት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር አስቡ። ጎረቤታችሁ የሚረጨው መድኃኒት በነፋስ ስለሚሻገር፣ በድንበሩ በኩል ለሽያጭ የማይቀርብ ሣር ወይም ቁጥቋጦ ትከሉ። ሁለተኛው ደብተር ነው፤ በየትኛው መደብ ምን እንደ ተዘራ፣ ፍጉ ከየት እንደ መጣና መቼ እንደ ገባ ዛሬ ካልተጻፈ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተቆጣጣሪ የምታሳዩት ነገር አይኖርም። ምርቱ ኦርጋኒክ መሆኑን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ወጪ ለግማሽ ሄክታር የሚከብድ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ግብርና ንቅናቄዎች ፌዴሬሽን (አይፎም) የሚያበረታታውና ገበሬዎችና ሸማቾች ራሳቸው ማሳ የሚጎበኙበት አሳታፊ የዋስትና ሥርዓት ለአገር ውስጥ ገበያ ይስማማል፤ ወደ አውሮፓ ለመላክ ግን አያገለግልም። እስከዚያው ለደንበኞቻችሁ «ካለፈው ክረምት ወዲህ ያለ ዩሪያና ያለ ተባይ መድኃኒት ያለማነው ነው» በሏቸው። እውነት ነው፤ በእኔ ግምት ገዢም አያጣም።

ጥያቄ፦ መቂ ላይ ቲማቲማችንን ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ ፈጀው። አባቴ የትንባሆ ቅጠል ዘፍዝፈን እንርጭ ይላሉ፤ ከተፈጥሮ የተገኘ ነውና ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አባትዎን በአክብሮት ያስቁሟቸው። ኒኮቲን ከቅጠል ቢገኝም ለሚረጨው ሰው ጭምር መርዝ ነው፤ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብም የትንባሆ ብናኝን ተፈጥሯዊ ቢሆንም በስም ጠርቶ ከልክሎታል። በዚያ ላይ ትንባሆና ቲማቲም የአንድ ወገን ተክሎች ስለ ሆኑ፣ ቅጠሉን የነካካ እጅ የሞዛይክ ቫይረስን ወደ ቲማቲሙ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ቱታ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የታየ ተባይ ነው። ሴቷ የእሳት ራት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉም ቅጠሉን ከውስጥ እየቦረቦረ ስለሚኖር ከላይ የሚረጭ ነገር በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ የተጎዳውን ቅጠልና ፍሬ እየለቀማችሁ ከማሳው አርቃችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ለቀማው ካበቃ በኋላም አገዳውን በማሳው ላይ አታቆዩ። በሚቀጥለው ወቅት በዚያ መሬት ላይ ድንችም ሆነ በርበሬ ሳይሆን ሽንኩርት ወይም ፎሶሊያ ይግባ። ወንዱን በሴቷ ሽታ የሚያጠምደው ወጥመድ የተባዩን ብዛት ለማወቅ ይረዳል፤ ኒም የተባለው ዛፍ ፍሬ ጭማቂም ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ቢረጭ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የላም ፍግ ከበረት እንደ ወጣ ለሰላጣ መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ሰላጣ ሳይበስል የሚበላ ስለ ሆነ፣ ያልበሰበሰ ፍግ የገባበት መሬት ከለቀማ በፊት 120 ቀን መቆየት አለበት፤ ይህም ቅጠሉ ወይም ፍሬው አፈር ለሚነካ አትክልት ሁሉ የተቀመጠ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ ነው። ሰላጣ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። የሚሻለው ፍጉን ከገለባና ከአረም ጋር ከምሮ፣ እርጥበቱን እየጠበቁና እያገላበጡ ማብላላት፣ ማለትም ኮምፖስት ማድረግ ነው። ክምሩ ውስጥ የገባ ብረት ሲወጣ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ጀርሞችን ለመግደል ግን ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሆኖ ለቀናት መቆየት ይኖርበታል። ኮምፖስትን የድኻ ማዳበሪያ አድርገው የሚንቁትን ስሰማ፣ የሥነ ምህዳር ሊቁ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው የእጽዋት ተመራማሪዋ ሱ ኤድዋርድስ በ1996 እ.ኤ.አ. ከትግራይ ገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ ትዝ ይለኛል፤ ኮምፖስት የገባባቸው ማሳዎች በምርት ዩሪያና ዳፕ የተባሉት ማዳበሪያዎች ከገቡባቸው ጋር ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ ይበልጡ ነበር።

ጥያቄ፦ የምናጠጣው በአቃቂ ወንዝ ነው፤ መድኃኒት ግን አንጠቀምም።

መልስ፦ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ ከባድ ብረቶችን ወደ አፈርና ወደ ቅጠል ስለሚያደርስ፣ መድኃኒት አለመርጨታችሁ ይህን አያካክሰውም። ሌላ ውሃ እስክታገኙ ቅጠላ ቅጠል አታልሙበት።

ጥያቄ፦ እርሻውን የምንሠራው እኔና የ19 ዓመት ልጄ ነን። የጠብታ መስኖውን የገዛው አሜሪካ ያለው ወንድሜ ነው። አሁን ከትርፉ ድርሻ ይጠይቃል፤ ልጄም ያለ ደመወዝ መሥራት ሰልችቶታል።

መልስ፦ ቅር የተሰኙት ሁለቱም ስላልተነጋገራችሁ ነው። የወንድምዎ ገንዘብ ስጦታ፣ ብድር ወይስ የሽርክና መዋጮ እንደ ነበር በስልክም ቢሆን ተነጋግራችሁ በጽሑፍ አስፍሩት። ከትርፍ በፊት ግን የልጁ ድካም እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ከወጪ ይቆጠር፤ እሱ ሳይከፈለው ትርፍ ተገኘ ማለት ከልጁ ኪስ ለአጎቱ መስጠት ነውና። ለሆለታዋ ጠያቂ ከመከርኩት ደብተር በስተኋላ በኩል ጥቂት ገጾች ይተዉና ማን ስንት ቀን እንደ ዋለ በየቀኑ ማታ ይጻፉ፤ የሚጽፈውም ልጅዎ ራሱ ቢሆን ይመረጣል።