አክታው ነፃ ከሆነ ቲቢው የት ተገኘ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 41 ዓመቱ ነው፤ አዳማ ባጃጅ ያሽከረክራል። አንድ ወር ሆነው፤ ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፣ ከስቷል፣ ጋደም ሲል ይታፈናል፣ አሁን እግሩም አብጧል። አክታው ተመርምሮ ከቲቢ ነፃ ተባለ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሳ ግን «ልብህ ዙሪያ ውሃ አለ፣ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ብለው መድኃኒት ሊያስጀምሩት ነው። በአልትራሳውንድ ቲቢ ይታወቃል እንዴ?

መልስ፦ ኢኮ ጀርሙን አያሳይም፤ ጀርሙ ያደረሰውን ነው የሚያሳየው። አክታ ደግሞ ስለ ሳንባ እንጂ ስለ ልብ ሽፋን አይናገርም።

ልብ በድርብ ስስ ሽፋን ተጠቅልሏል። በሽፋኑ መሃል የሚኖረው ፈሳሽ በጤና ጊዜ ከአንድ ቡና ሲኒ ያንሳል። ቲቢ ሲገባበት ግን ፈሳሹ ቀስ እያለ ሲጠራቀም ሽፋኑም አብሮ ይለጠጣል፤ ከሊትር በላይ ይዞ እየሠራ የሚመጣ ሰው አለ። በኢኮ ውሃው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተንጠለጠሉ ክሮች ካሉና ሽፋኑ ከወፈረ ቲቢን እንጠረጥራለን፤ በአገራችን ደግሞ ቲቢ ብዙ ነው። ሆኖም ካንሰር፣ የኩላሊት ድካምና የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ውሃ ያስቋጥራሉ።

እኔን ከምክንያቱ በፊት የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ውሃው ልቡን ተጭኖታል ወይ? የቀኝ ልቡ ክፍሎች ደም በሚሞሉበት ቅጽበት ወደ ውስጥ ከተሰረጎዱ፣ ወደ ልብ የሚገባው ትልቁ ደም ሥርም ተነፍቶ ትንፋሽ ሲስብ ካልጠበበ፣ ውሃው ሳይውል ሳያድር በመርፌ መቀዳት አለበት። ኢኮው መርፌው የሚገባበትንም ቦታ ያመላክታል።

የተቀዳው ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርሙን ዘረመል ለሚፈልግ ምርመራ)፣ ለካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ ለማየት) እና ለኤዲኤ (ቲቢ ሲኖር ከፍ ለሚል ኢንዛይም ልኬት) ይላካል። ኤዲኤ በሊትር 40 ዩኒት እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርጣሬያችን ይጠነክራል። ጂን ኤክስፐርት ነፃ ቢል ግን አያዘናጋ፤ በዚህ ውሃ ውስጥ ጀርሙ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ምልክቱንና ኢኮውን ደምሮ ሕክምና ቢጀምር በግምት ሠራ አይባልም። የኤችአይቪ ምርመራም አይቅር።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ 2 ወር አራት ዓይነት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሲሻለው ማቋረጥ የለም። ኢኮውም ይደገማል፤ ሽፋኑ ጠባሳ ሠርቶ ልብን ጨምድዶ የሚይዝበት ጊዜ አለና።

የባለቤትዎ መታፈንና የእግሩ እብጠት ግን አልወደድኩትም። ባጃጁን ያቁምና ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይመለስ። «ልቡን ተጭኖታል? ይቀዳል?» ብለው ይጠይቁ። ራሱን ካዞረው ወይም ትንፋሽ ካጠረው «አዲስ አበባ እንውሰደው» እየተባለ መንገድ ላይ እንዳይደክም፤ መጀመሪያ እዚያው አዳማ ድንገተኛ ክፍል ይታይ።