ሁለት ቦታ የተገኘ ስም

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ እዚህ ዋሽንግተን ከእናንተ አንዱ፣ «ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት ሲወጡ መንግሥት ረድቷቸው የለም ወይ? ወላጆቻችን ባዶ እጃቸውን መጥተው ቤት ሲገዙ፣ እነሱን ምን ያዛቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልሱን አጥቼ ሳይሆን አንድ አዛውንት ትዝ ብለውኝ ነው።

በሒሳብ ሠራተኛነት መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቢሮ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ የቻርልስተን ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር፣ «አንተ መዝገብ ማንበብ ታውቃለህ፤ የቅድመ አያቴን ስም ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄደን እንፈልግ» አሉኝ። ለሙያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ስለነበር «ከፈተናው በኋላ» አልኳቸው፤ ካለፍኩ በኋላም ሌላ ምክንያት አላጣሁም። የሄድኩት ከቀብራቸው በኋላ፣ ብቻዬን ነው።

የፈለጉት የፍሪድማንስ ባንክን መዝገብ ነበር። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን በፈረሙት ሕግ የተቋቋመ፣ ከባርነት የወጡት ሰዎች መንግሥት ዋስ የሆነላቸው መስሏቸው ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀሙበት ነው። መዝገቡ የተቀረጸበትን ማይክሮፊልም ሳዞር ከገንዘብ ይልቅ ሰው አገኘሁ፦ የትውልድ ቦታ፣ የቀድሞ ጌታ ስም፣ አባት፣ እናት፣ እህትና ወንድም። አንዳንዱ ቅጽ ላይ ከወንድም ስም አጠገብ «ተሸጧል» ይላል፤ በፊርማው ቦታ መጻፍ የማይችል ሰው የሚያኖረው የመስቀል ምልክት አለ። አዛውንቱ የነገሩኝን ስም ሁለት ቦታ አገኘሁት። ቅድመ አያታቸው የትኛዋ እንደሆነች የሚነግረኝ ግን አልነበረም።

ባንኩ በ1874 ሲወድቅ ከ60 ሺህ በላይ አስቀማጮች ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ገንዘባቸውን አጡ። መሬቱም እንዲሁ ነው፤ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን በጥር 1865 ከባርነት ለወጡት ለየቤተሰቡ እስከ 40 ኤከር (16 ሄክታር ገደማ) ይሰጥ ያሉትን የባሕር ዳርቻ መሬት፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በዚያው ዓመት ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች ይመለስ ብለው አዘዙ። ትምህርት ቤት ያስከፍት፣ የሥራ ውል ያዋውል የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የፍሪድመንስ ቢሮም በ1872 ተዘጋ። እርዳታ ነበር፤ ሳይውል ሳያድር ግን ተነጠቀ።

የዛሬ ልጆች በስልካችሁ ሁለት መስመር አንብባችሁ በሕዝብ ላይ ለመፍረድ ትቸኩላላችሁ። አንተ ጠያቂዬ፣ እዚህ በመወለድህ ብቻ ዜጋ ያደረገህ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ በ1868 የጸደቀው፣ እነዚህ ሰዎች ዜግነት ተነፍገው ስለነበር ነው።

ፈተናችሁን ተዉ ብዬ አልመክርም፤ እኔም ያኔ ባላልፍ ኖሮ ቤተሰብ የማስተዳድርበት አልነበረኝም። ሆኖም ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር።