ሽጉጡ የባሌ ወንድም ነው፣ እኔም እጠየቃለሁ?

ጥያቄ፦ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አብሮን ይኖራል። በቀደም ፖሊሶች የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይዘው መጥተው ቤታችንን ሲበረብሩ እሱ ከሚያድርበት ክፍል፣ ከፍራሽ ስር ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ አገኙ። እሱን ወሰዱት፤ እኔና ባለቤቴም መጥተን ቃል እንድንሰጥ ተነግሮናል። ጎረቤቶቼ «ቤቱ የናንተ ስለሆነ አትቀሩም» እያሉ ያስፈራሩኛል። አማቴ ደግሞ «የልጅ እናት ስለሆንሽ አይጨክኑብሽም፣ የኔ ነው በይ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአማትሽን ምክር በፍጹም እንዳትሰሚ! «የኔ ነው» ብለሽ ከፈረምሽ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበሽ «ለቤተሰብ ብዬ ነው» ብትዪ ማን ያምንሻል? ልጅሽም ያለ እናት ትቀራለች።

ጎረቤቶችሽም ተሳስተዋል። አንድ ጣሪያ ስር መኖር ብቻውን ወንጀል አይደለም። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይከለክላል፣ ግን ማነው የያዘው? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 መሠረት ድርጊቱም፣ ሐሳቡም፣ የሚከለክለው ሕግም አንድ ላይ ካልተገኙ ወንጀል የለም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ሽጉጡ እዚያ መኖሩን ታውቂ እንደነበርና በእጅሽ ወይም በቁጥጥርሽ ስር እንደነበር ማስረዳት አለበት። ክፍሉ የሱ፣ ቁልፉም በሱ እጅ ከሆነ ይህ ቀላል አይደለም። ከአንቺ ቁም ሳጥን፣ ከነጠላሽ ስር ቢገኝ ኖሮ ግን ብዙ መልስ ይጠበቅብሽ ነበር።

«ባውቅስ ኖሮ?» ትዪ ይሆናል። አንቀጽ 443 ወንጀል አለመጠቆምን የሚቀጣው በተለይ ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት በሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ላይ ነው፤ ስለ አንድ ሽጉጥ ዝም ማለት ከዚያ አይደርስም። ደብቀሽለት ወይም ፖሊስ ሲመጣ ቦታ ቀይረሽለት ከሆነ ግን ነገሩ ከዝምታ አልፏል፣ ያኔ የምትጠየቂው በራስሽ ሥራ ነው።

ቃል ከመስጠትሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ። ከባልሽ ጋር ተቀምጣችሁ ወሬ እንዳታስማሙ፣ ሁለት ሰው የሸመደደው ታሪክ መርማሪ ፊት ቶሎ ይፈርሳል። ድንገት ከተያዝሽም ሕገ መንግሥቱ ዝም የማለት መብት ሰጥቶሻል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ልትቀርቢ ይገባል።

ደግሞ በብርበራው ጊዜ የተያዘው ዕቃ በዝርዝር ይጻፋል። እዚያ ላይ የሰፈረው «ከቤቱ ተገኘ» ብቻ ነው ወይስ «እሱ ከሚያድርበት ክፍል፣ ከፍራሽ ስር»? ጠበቃሽ መጀመሪያ ይህንን ይጠይቅልሽ።