ዋሽንግተን የማን ስም ነው? ጥያቄና መልስ

የእንግሊዞችን የቤተሰብ ስም ታሪክ መቆፈር እወዳለሁ። "ጠይቁኝ" ብል አብዛኛው ሰው ዋሽንግተን ላይ ተረባረበ። አይገርምም፣ ግማሻችን ዲሲና አካባቢው ነን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ትርጉም አለው እንዴ? ከማጠብ ጋር ይገናኛል?

ከማጠብ ጋር አይገናኝም። ስሙ መጀመሪያ የቦታ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በጥንቱ የደርሃም ግዛት፣ ዋሽንግተን የሚባል ከተማ ዛሬም አለ። በድሮው እንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ ያለችው "ተን" የእርሻ ግቢ፣ ርስት ማለት ናት። መነሻው ደግሞ የሰው ስም ነው ይላሉ አብዛኞቹ አጥኚዎች፤ ዋሳ ወይም ህዋሳ የሚባል ሰው። ስለዚህ "የነዋሳ ርስት" እንደ ማለት ነው። ሰውየው ከስሙ በቀር የተረፈው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ እነጆርጅ ዋሽንግተን ከዚህ ሰውዬ ይወለዳሉ?

የለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ደ ኸርትበርን የሚባል ባለርስት ነበር። "ደ" በፈረንሳይኛ የኛ "የ" ናት፤ የኸርትበርኑ ዊልያም ማለት ነው። በ1066 እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ናቸው ሰውን በርስቱ ስም የመጥራቱን ልማድ ያስፋፉት። ዊልያም ኸርትበርንን ለቆ በምትኩ ዋሽንግተንን ያዘ። ይህ ልውውጥ የደርሃም ጳጳስ በ1183 ባስጻፉት የመሬት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መሬቱ ሲቀየር ስሙም አብሮ ተቀየረ። መሬት ባይለዋወጥ ኖሮ ዛሬ ኸርትበርን ዲሲ እንኖር ነበር!

ጥያቄ፦ እኛ በአባት ስም ነው የምንጠራው። እነሱ ድሮ እንዴት ነበሩ?

ብዙዎቹ እንደኛው። ጆንሰን የጆን ልጅ ነው። በኋላ ግን ስሙ ባለበት ቆመ፤ ጆንሰን ሮበርትን ቢወልድም ልጁ ጆንሰን ሆኖ ቀረ። እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ እንዲህ የማይለወጥ ስም ይዟል። እኛስ አሜሪካ ፎርም ስንሞላ የአባታችንን ስም "ላስት ኔም" ላይ አስገብተን ልጆቻችንም እሱኑ ይዘው ቀሩ አይደል? ያው ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ባለርስት ከነበረ ለምን ተሰደደ?

ይቺን ታሪክ እወዳታለሁ። ሎረንስ ዋሽንግተን የሚባል የሱፍ ነጋዴ፣ የኖርዛምፕተን ከንቲባ የነበረ፣ በ1539 ሰልግሬቭ የሚባለውን ርስት ገዛ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የገዳማትን መሬት ወርሶ ሲሸጥ ነው ያገኘው። ከዘሮቹ አንዱ፣ እሱም ሎረንስ፣ ኤሴክስ ውስጥ ቄስ ሆነ። በእንግሊዝ ንጉሥና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ግን በ1643 የፓርላማው ወገኖች ከደብሩ አባረሩት። ክሱ ምን መሰላችሁ? መጠጥ ቤት ሲጠጣ ይውላል፣ ሌላውንም ያስጠጣል የሚል። የሚያውቁት ሰዎች ግን ጨዋና የማይሰክር ሰው ነበር ብለው መስክረዋል። እኔ ነገሩ ፖለቲካ ነው ባይ ነኝ።

ቤተሰቡ ደኸየ። ልጁ ጆን የመርከብ ሥራ ያዘና ትምባሆ ሊጭኑ ወደ ቨርጂኒያ መጡ። በ1657 ሊመለሱ ሲሉ መርከቡ ፖቶማክ ወንዝ ላይ መሬት ነክቶ ቆመ። አዎ፣ ያው የኛው ፖቶማክ። ጆን በዚያው ቀረ፤ የአንድ ባለመሬት ልጅ አገባ። በ1732 የተወለደው ጆርጅ የልጅ ልጁ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ የዲሲ ባንዲራስ?

ሁለቱ ቀይ መስመሮችና ሦስቱ ቀይ ኮከቦች የዚሁ ቤተሰብ አርማ ናቸው። ከተማዋ በ1938 ባንዲራ አደረገችው።

ጥያቄ፦ እዚህ የማውቃቸው ዋሽንግተኖች በሙሉ ጥቁሮች ናቸው። የጆርጅ ባሪያዎች ዘር ስለሆኑ ነው?

ትዝብትህ ልክ ነው። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ 163,036 ሰው በዚህ ስም ተመዝግቧል፤ ከመቶ 90ው ጥቁር ነው። ጆርጅ ራሱ ልጅ አልወለደም። በ1799 በእርሻው 317 ባሪያዎች ነበሩ፤ የራሱ የነበሩት 123ቱ ነፃ እንዲወጡ ተናዟል። የዛሬዎቹ ዋሽንግተኖች ግን ባብዛኛው የነሱ ዘር አይደሉም። ብዙ ባሪያዎች ጌቶቻቸው የማይመዘግቡት የቤተሰብ ስም ነበራቸው። ከ1865 በኋላ ነፃ ሲወጡ ያንን በአደባባይ ተናገሩ፤ ሌሎች ደግሞ የመረጡትን ስም ያዙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ስም ቢመረጥ ምን ይገርማል?

ኋላ ታዋቂ አስተማሪ የሆነው ቡከር ቲ ዋሽንግተን በባርነት ነው የተወለደው። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ስም ይጠራል፤ ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ስም አላቸው፣ እሱ ቡከር ብቻ ነው። ተራው ሲደርስ ረጋ ብሎ "ቡከር ዋሽንግተን" አለ። የእንጀራ አባቱ መጠሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር።