ኪያንቲን በጠጠር መንገድ ብስክሌት ለምትዞሪው እህታችን

ከፍራንክፈርት የጻፍሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ለአራት ቀን በቶስካና፣ በኪያንቲ የወይን ኮረብታዎች መካከል በጠጠር መንገድ ብስክሌት ልትዞሪ ነው። በቀን 100 ኪሎ ሜትር አቅደሻል፤ ጎማሽ 32 ሚሊ ሜትር ነው። መንገድ ላይ ወይን መቅመስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል፤ ረቡዕና ዓርብ የምትበይው እንዳታጪም ሰግተሻል። እኔ ቦሎኛ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ወደዚያ ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ከስድስቱ ሁለቱን ብስክሌቴን እየገፋሁ ነው ያሳለፍኩት። መልሴ ቢረዝም ምክንያቱ እሱ ነው።

ያቺን 100 ኪሎ ሜትር ሰርዢያት። 55 አድርጊያት። በማይን ወንዝ ዳር 100 ኪሎ ሜትር እስከ ምሳ ትጨርሺ ይሆናል፤ ኪያንቲ ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። ረጅም ተራራ የለውም፤ ጣጣውም ይኸው ነው። እንጦጦን የሚወጣ ሰው አንዴ ተሰቃይቶ ጫፍ ሲደርስ ነገሩ ያልቃል። እዚህ መንደሮቹ ጉብታ ጉብታው ላይ ተቀምጠዋል፤ በየሁለቱ መንደር መካከል ሸለቆ አለ፤ መንገዱ እስከ ወንዙ ወርዶ መልሶ ሽቅብ ይላል። ከዚያ እንደገና። ሌሮይካ የሚባለው፣ ምልክት የተተከለለት ቋሚ መንገድ 209 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሽቅቡ ሁሉ ሲደመር ከ3,500 ሜትር ያልፋል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ ከመድረስ ይበልጣል ማለት ነው፤ ያውም ተቆራርጦ፣ እግር እፎይ ባለ ቁጥር እንደገና እየተጀመረ።

በመጀመሪያው ዓመት ከሲየና ከተማ ተነስቼ 110 ኪሎ ሜትር ልዞር አቅጄ ነበር። ራዳ የምትባል መንደር ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳለች፤ የተጓዝኩት 62 ኪሎ ሜትር ነው። የማርሼ ጥርስ ከፊት ትንሹ 36፣ ከኋላ ትልቁ 28 ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አየር አያጥረውም ብዬ እፎክር ነበር። አየሩስ አላጠረኝም፤ ጉልበቴ ነው የከዳኝ። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ጥርሶችሽን ቁጠሪ። የፊተኛው ትንሹ ከኋለኛው ትልቁ ጋር ቢበዛ እኩል ይሁን፤ ሻንጣ ከጫንሽ የፊቱ ከኋላው ያነሰ ቢሆን ይሻላል። ከሲየና በስተ ሰሜን ሌ ቶልፌ የሚባል ዳገት አለ። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ነገር ግን 18 በመቶ የሚደርስ ቦታ አለው፣ መሬቱም ልል ጠጠር ነው። እዚያ ከኮርቻ ተነስተሽ ብትረግጪ የኋላ ጎማሽ ባዶውን ይሽከረከራል። ተቀምጠሽ፣ ደረትሽን ወደ መሪው ዝቅ አድርገሽ፣ በትንሹ ማርሽ ቀስ እያልሽ ውጪው።

32 ሚሊ ሜትር ጎማ ያሳልፋል። ስፖርተኞቹ ከዚያም በቀጠነ ጎማ ተወዳድረውበታል፤ እነርሱ ግን ከኋላቸው መለዋወጫ ጎማ የጫነ መኪና ይከተላቸዋል። ለአንቺ 40 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ቢቻል ያለ ካላማዳሪ የሚሠራው ዓይነት። ነፋሱንም አታብዢው። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ በ40 ጎማ ከ2 እስከ 2.3 ባር አይበቃም የሚል ስሜት አድሮብኝ አያውቅም። መኪና ያሸበሸበው ቁልቁለት ላይ ጠንካራ ጎማ እጅ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ፍሬን የሚይዝ ጣት ይጠፋል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ፣ ብዙ ሰው የማይጠይቀው፦ አፈሩ። የሰሜኑ ኪያንቲ፣ ማለትም ጋይዮሌ፣ ራዳና ካስቴሊና ያሉበት፣ ድንጋያማ ነው። አልቤሬዜ የሚሉት የኖራ ድንጋይና ጋሌስትሮ የሚሉት እየተፈረፈረ የሚሄድ ድንጋይ አለው። ወይኑ የሚወደው ይህንኑ ድንጋይ ነው፤ መንገዶቹ ነጭ የሆኑትም በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ስለሚለበሱ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃውን ያሳልፋል፤ ጠዋት ቢዘንብ ከሰዓት በኋላ መንዳት ይቻላል። ከሲየና ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አሻኖ ስትወርጂ ግን ሌላ አገር ነው። ክሬቴ ሴኔዚ ይባላል፤ ድሮ የባሕር ወለል የነበረ ግራጫ ሸክላ አፈር ነው፤ ወይን ጥቂት፣ ስንዴ ብዙ። መልኩ ሲደርቅ ልብ ይሰርቃል። ሲርስ ግን፣ የእኛ ሰው አንድ ቃል ይበቃዋል፣ ዋልካ ነው። ሦስተኛው ጉዞዬ ላይ ዘነበብኝና ጭቃው በፊት ጎማውና ጎማውን በሚይዘው ሹካ መካከል ተጠቅጥቆ መንኰራኩሩ ቆመ። በእንጨት እየፋቅኩ፣ እየተሸከምኩ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄድኩ። ስለዚህ የአየር ትንበያውን አይተሽ ደረቅ የሆኑትን ቀኖች ለደቡቡ መድቢ፤ ዝናቡን በሰሜኑ ተቀበዪው።

የእኔ አቀማመጥ እንዲህ ነው። ጋይዮሌ ባቡር የለውም፤ ከፊሬንዜ (ፍሎረንስ) በክልል ባቡር ሲየና ውረጂ። የክልል ባቡሮች ብስክሌት ይቀበላሉ፣ ለብስክሌቱ ለብቻው ትኬት ይቆረጥለታል፤ ፈጣኖቹ ግን ካልተፈታና በከረጢት ካልገባ አይወስዱም። በመጀመሪያው ቀን ከሲየና በብሮልዮ ግንብ በኩል ጋይዮሌ ገብተሽ እደሪ። ወደ ብሮልዮ የሚያወጣው ነጭ መንገድ በጥድ መካከል ያልፋል፤ አትሩጪበት። ግንቡ የሪካሶሊ ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰቡ አንዱ የሆነው ቤቲኖ ሪካሶሊ፣ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኪያንቲ ወይን ጠጅ በዋናነት ሳንጆቬዜ ከሚባል የወይን ፍሬ እንዲጠመቅ ያስለመደ ሰው ነው። በሁለተኛው ቀን ሻንጣሽን ጋይዮሌ ትተሽ ራዳንና ቮልፓያን ዙሪ። በሦስተኛው ቀን፣ ደረቅ ከሆነ፣ በካስቴልኑዎቮ ቤራርዴንጋ በኩል ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬን አቋርጠሽ አሻኖ ግቢ። የሞንቴ ሳንቴ ማሪዬው መንገድ 11.5 ኪሎ ሜትር ጠጠር ነው። የስሎቬኒያው ብስክሌተኛ ታዴይ ፖጋቻር በ2024 በስትራዴ ቢያንኬ ውድድር 81 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ብቻውን አምልጦ የሄደው እዚህ ላይ ነው። አንቺ እዚያ ማምለጥ አይጠበቅብሽም፤ እኔ ሦስት ጊዜ ቆሜ በለስ በልቻለሁ። አራተኛውን ቀን ለድካም ተዪው፤ አሻኖ የባቡር ጣቢያ አለው።

እነዚህ መንገዶች እስካሁን አስፋልት ያልለበሱት በአጋጣሚ አይደለም። በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ የጋይዮሌ ሰው፣ ነጮቹ መንገዶች እየጠፉ ነው ብሎ በአሮጌ ብስክሌትና በአሮጌ ልብስ የሚነዳ በዓል ጀመረ። ሌሮይካ ማለት እሱ ነው። አሁን በጥቅምት መጀመሪያው እሑድ፣ በአውሮፓውያኑ ወር፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከ1987 በፊት በተሠራ ብስክሌት ይወጣል። በዚያ ሳምንት ጋይዮሌ አልጋ አይገኝም፤ ቀንሽ ከዚያ ጋር እንዳይጋጭ እዪ።

ብስክሌት ልከራይ ካልሽ እዚያው ሳትነሺ ፍሬኑን አስፈትሺ። አንድ ጊዜ ከአንድ አከራይ የወሰድኩት ብስክሌት የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት በብረት ሆኖ ነበር፤ ያወቅኩት ከራዳ ቁልቁል ስወርድ ነው። ቋንቋ ግን አያስፈራሽ። እኔ ያኔ ጣሊያንኛ የማላውቅ፣ ጥገና ቤት ገብቼ እንደ ሰፈራችን ጎሚስታ «ፍሬን» አልኩ፣ ሰውዬው ገባው። «ካላማዳሪ» አልኩ፣ አምጥቶ ሰጠኝ። «ካቻቢቴ» ስል ደግሞ ይህን ሁሉ ከየት ተማርክ አለኝ። ከመርካቶ ብለው ምን ይገባዋል።

ስለ ወይኑ። ቁልቁለት ከፊትሽ እያለ አትቅመሺ፤ ሕጉም በደም ውስጥ ያለ የአልኮል መጠንን የሚለካው መኪና ነጂን ብቻ ሳይሆን ብስክሌት ላይ ያለውንም ነው። ብስክሌቱ ለሌሊቱ ከታሰረ በኋላ ግን በነፃነት። የጠርሙሱ አንገት ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ ካየሽ ኪያንቲ ክላሲኮ ነው። በአፈ ታሪኩ ፊሬንዜና ሲየና ድንበር ለመለየት ዶሮ ሲጮህ ፈረሰኛ ሊልኩ፣ ፈረሰኞቹ የሚገናኙበትም ድንበር ሊሆን ተስማሙ፤ ፊሬንዜዎች ጥቁሩን ዶሮ አስርበውት ስለነበር ሳይነጋ ጮኸ፣ ፈረሰኛቸውም ሲየና አቅራቢያ ደረሰ ይባላል። አንቺም እንደዚያ ዶሮ ማለዳ ተነሺ። ጊዜው የወይን ለቀማ ነው፤ ከረፋድ ጀምሮ ወይን የጫኑ ትራክተሮች በጠባቡ መንገድ ኩርባው ላይ ድንገት ይገጥሙሻል። ጠርሙስ ስትከፍቺ ደግሞ ቢንያም ግርማይን አስታውሺ፤ በ2022 በጣሊያን ዙር ዬሲ ላይ አሸንፎ መድረክ ላይ የፕሮሴኮው ቡሽ ዓይኑን መትቶት ከውድድሩ ወጣ።

ለጾሙ ቶስካናን የሚያክል የለም። ሪቦሊታ የሚሉት ሾርባ ዳቦ፣ ነጭ ቦሎቄና ጥቁር ጎመን በወይራ ዘይት ነው፤ አንዳንዱ ቤት የአይብ ቅርፊት ይጨምርበታልና ጠይቂ። ፒቺ የሚሉት ወፍራም ፓስታ በተለምዶ ያለ እንቁላል በዱቄትና በውኃ ይቦካል፤ በነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም አዘዢው። ዳቦው ጨው የለውም፤ በመጀመሪያ ቀን ትቆጪያለሽ። ሱቅ ከምሳ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ውኃ ካለቀብሽ የመቃብር ስፍራ ፈልጊ፤ ለአበባው ማጠጫ ቧንቧ አለው፤ የአገሩ ብስክሌተኞችም ከዚያ ይቀዳሉ።

የእኔ ሁለት 40 ሚሊ ሜትር ጎማዎች ቤት ተቀምጠዋል፣ አንድ ክረምት ብቻ ነው የሠሩት። ከሙኒክ የሚመጣው ባቡር አንዳንዱ ቦሎኛ ድረስ ይዘልቃል። ዛሬ ማታ በሹካሽ ውስጥና ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ያለውን ክፍተት ለክተሽ ጻፊልኝ፤ 40ው ጎማ ገብቶም በየጎኑ ቢያንስ አምስት ሚሊ ሜትር የሚተርፍ ከሆነ ጣቢያ ድረስ ይዤልሽ እመጣለሁ።